የዓሦቹ ውሃ አይነካም!

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ውሃ ማዕረግ እንዳለው ያውቃል። አናት ላይ የሚቀመጠው ለመጠጥ የተጣራው ነው፤ ክዳን አለው፣ የራሱ ጆግ አለው፣ ልጅ እጁን አያስገባበትም። ቀጥሎ የወጥ ቤቱ ጀሪካን ይመጣል። ከዚያ የገላው፣ ከዚያ የልብሱ፣ ከዚያ ደግሞ ልብስ ታጥቦበት ወለል የሚወለወልበት፣ በመጨረሻም በሳፋ ተይዞ ወደ ሽንት ቤት የሚሸኘው። ይህን ደንብ የጻፈው የለም። ነገር ግን ካገር ቤት የመጣ እንግዳ ሳያውቅ በመጠጡ ውሃ እግሩን ሲታጠብ ቤቱ ላይ የሚወርደውን ዝምታ ያየ ሰው ደንቡን ለመማር ሁለተኛ ቀን አያስፈልገውም።

በእኛ ቤት ከመጠጡም በላይ የሆነ ውሃ ከመጣ ሰንብቷል። ሳሎኑ ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ አፉ በስስ ሻሽ የተሸፈነ ሰማያዊ ባልዲ አለ። አጠገቡ ወንበር አይጎተትም፣ ሽቶ አይነፋም፣ የበረሮ መርዝማ ስሙም አይነሳ። ልጄ በቀይ እስክርቢቶ «የዓሦቹ ውሃ ነው፤ አይነካም!» ብላ ለጥፋበታለች። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ከሥሩ በመስቀለኛ የተሰረዘ እጅ ሥላለች። እጁ የኔን ይመስላል፤ ቀለበቱ ሳይቀር አለበት።

የውሃው ባለቤቶች ጉፒዎች ናቸው። ለልጄ ልደት በፌስታል ውሃ ውስጥ ሆነው መጡ። ወንዱ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያው ላይ ግማሹ ጭራ ነው፤ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ነጠብጣብ። ከጠዋት እስከ ማታ ጭራውን ዘርግቶ ሴቶቹ ፊት ሲንጎራደድ አይታ ልጄ «ፊታውራሪ» አለችው። ሴቶቹ አመድማ ናቸው፤ በእጥፍ ያህል ይበልጡታል፤ ዘወር ብለውም አያዩትም። በየአራት ሳምንቱ ግን አንዷ ትወልዳለች፤ እንቁላል አትጥልም፣ የሚዋኝ ልጅ ትወልዳለች። እንግዲህ ፊታውራሪ መቼ እንደሚደመጡ አይታወቅም። ለነገሩ ሴቷ አንዴ ከወንድ ከተገናኘች የወንዱን ዘር በሆዷ አስቀምጣ ለወራት መውለድ ትችላለች፤ ፊታውራሪ ቢደመጡም ባይደመጡም ቤቱ ይሞላል።

አገራቸው ትሪኒዳድ፣ ቬኔዙዌላና ጋያና ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. ቪልሄልም ፔተርስ የሚባሉ የበርሊን ሊቅ ከካራካስ በመጣ ናሙና መዝግበዋቸው ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ ለንደን ላይ አልበርት ጉንተር፣ ከትሪኒዳድ ዓሦቹን የላኩትን ሮበርት ጆን ሌችሚር ጉፒን ለማክበር እንደ አዲስ ሰየሟቸው። በሳይንስ ደንብ የቀደመ ይረታልና መዝገቡ ላይ የጸናው የፔተርስ ስያሜ ነው፤ ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን ዕቃ የላከው ሰውዬ። ይህ ዓሣ ደግሞ በቀላሉ የሚበገር እንዳይመስላችሁ። የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ በብዙ ሞቃት አገር ተለቆ፣ የከተማ ፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሳይቀር ወልዶ ከብዷል። ጨዋማ ውሃም ይችላል። የማይችለው የእኛን የቧንቧ ውሃ ነው።

ይህን ስሰማ ትንሽ ከፋኝ። ውሃ እስኪመጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጀሪካን ደርድረን የምንጠብቀው እኛ፣ ቦይ ውስጥ ያደገ ዓሣ «ይሄማ ለኔ አይሆንም» ይበለን? ምክንያቱን ስሰማ ግን መለስ አልኩ። ነገሩ ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ ከማጣሪያው ወጥቶ መንገድ ላይ እንዳይበከል ጥቂት ክሎሪን ይዞ መምጣት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቤታችን ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ይቅርበት ይላል፤ ለሰው ደግሞ እስከ 5 ሚሊ ግራም ጉዳት የለውም ባይ ነው። ኮሌራንና ተስቦን ደጃፍ ላይ የሚመልስልን ይህ ቀሪው ነው። እኛ ስንጠጣው ምራቃችንና ምግባችን ያከሽፉታል። ዓሣ ግን ውሃውን ይተነፍሰዋል፤ ከጭንቅላቱ ጎን ባለው ስንጥብ ውሃውን ከደሙ የሚለየው እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ የሰው አፍንጫ የማይሸተው ክሎሪን እሱን ያቃጥለዋል። ከዚያ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ የማያውቅ ሰውም ርቦት መስሎት ምግብ ይጨምርበታል።

በአሜሪካ የከተማ ውሃን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም የተጀመረው በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርሲ ሲቲ ላይ ነው። ጆን ሊል የሚባሉ ሐኪም ለከተማው ሕዝብ ሳይናገሩ ጨምረውበት ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ባለሙያ ከዚህም ከዚያም ተከራከረ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ ረቱ። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ከሞት ያተረፈ ፍርድ ነው። በችሎቱ አንድም ዓሣ በምስክርነት አልተጠራም።

መፍትሔው ደግሞ እንደ ችግሩ የረቀቀ አይደለም፤ ውሃውን ማሳደር ነው። አፉ ሰፊ ባልዲ ሞልቶ፣ ሳይከድኑ አንድ ቀን፣ ቢመች ሁለት ቀን መተው። ክሎሪን ጋዝ ነውና በራሱ ጊዜ በኖ ይሄዳል። ፀሐይ ቢያገኘው ይፈጥናል፤ ትንሽ የአየር ፓምፕ እያንቦጫረቀው ቢያድር ደግሞ በሰዓታት ያልቃል። አፉ የጠበበ፣ ክዳኑ የተገጠመ ጀሪካን ግን ምንም ቢከርም አይታመንም፤ መውጫ የለውማ! ሻሹ ለአቧራና ለዝንብ ነው፤ ክዳን እንዳይመስላችሁ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የዚህ ሙያ ሊቆች እኛ ነን። ውሃ በፈረቃ ከሚመጣባቸው ሰፈሮች በአንዱ ያደገ ሰው ውሃ ማሳደርን ከማንም አልተማረም። ሮቶው፣ በርሜሉ፣ ሳፋው፣ ያረጀ ድስቱ ሁሉ ሞልቶ ያድራል፣ ይሰነብታል፣ አንዳንዴ ወር ይይዛል። ሌላው ዓለም ቧንቧ ከፍቶ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ ሲለቅ፣ የእኛ ሰው «ያለችኝን ውሃ ቆጥቤ» በሚል ብቻ፣ የውጭ አገር ባለሙያ ብዙ ገጽ የጻፈበትን ጥንቃቄ ሲፈጽም ኖሯል። ፈረቃው ለሰው ምን እንዳደረገ ሌላ ቀን እናወራለን። ለጉፒ ግን በጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ክሎሪኑ በኖ ያለቀ የሰነበተ ውሃ ለሰው አደራ የለውም፤ የገባበትን ጀርም የሚመልስለት ዘበኛ ሄዷል። ስለዚህ ብዙ ቤት የተከማቸው ውሃ ላይ ውሃ አጋር ይጨመራል፤ ውሃ አጋር ደግሞ ክሎሪን ነው። በእኛ ቤት እንግዲህ አንዱ እጃችን ከባልዲው የሚያባርረውን፣ ሌላው እጃችን አጠገቡ ካለው ጀሪካን ውስጥ በክዳን ለክቶ ይጨምራል።

ይህን ለአክስቴ ለማስረዳት የሞከርኩት እኔ ነበርኩ። አክስቴ ለሠርግ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ከሰነበቱ በኋላ፣ ሠርጉ አልፎ መልሱ አልፎ ቅልቅሉም አልፎ አሁንም አሉ፤ ይኑሩልን። አንድ ጠዋት የውሃ አጋሩን ጠርሙስ ይዘው ባልዲው ላይ ጎንበስ ሲሉ ልጄ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት አስወጣ።

«እማማ! ይሞታሉ!»

«ምን አደረግኳቸው? መድኃኒት እኮ ነው። እናንተ እየጠጣችሁ እነዚህ ምስኪኖች ጥሬውን ይጠጡ?»

«እትዬ፣ ለኛ የሚበጀው ለነሱ መርዝ ነው» አልኳቸው።

«ይፈላላቸዋ እንግዲያ።»

መፍላቱ ክሎሪኑን ያስወጣል፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ያም ይበቃል። ችግሩ አብሮት የሚወጣው ነው። ሲፈላ ውሃው ውስጥ ያለው አየር ይሄዳል፤ ቀዝቅዞ በደንብ እየተንቦጫረቀ አየር ካልመለሰ በቀር ዓሣ እዚያ ውስጥ ይታፈናል። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ጠርሙሱን አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ውሃ ውስጥ አየር?»

«አለ እትዬ። እንዲያውም እዚህ ከፍታ ላይ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ነው ያ ፓምፕ ሌት ተቀን የሚያጉረመርመው።»

«የመጡበትስ?»

«ሙቅ አገር ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ።»

«ቆላ በለኛ! አይ የሰው ክፋት። የቆላ ፍጥረት አምጥታችሁ እንጦጦ ሥር በብርድ ትቀጡታላችሁ!» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገናቸው ሆኑ። ወገንተኝነታቸው መልካም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ልክ እንዳለው ታያላችሁ።

ብርዱ ላይ አክስቴ አልተሳሳቱም። ጉፒ የሚወደው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው። የሰኔን ጨለማ ያየ ሰው የእኛ ሳሎን ያን ያህል እንደማይሞቅ ያውቃል። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ የመስታወት ማሞቂያ አለ፤ ማሞቂያው ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ እንደምታውቁት ነው። ሲጠፋ ገንዳው በጋቢ ይጠቀለላል። የማን ጋቢ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። የተዘጋጀው ውሃም ሲጨመር ሙቀቱ ከገንዳው ጋር መቀራረብ አለበት፤ ከአንድ ሁለት ዲግሪ በላይ ልዩነት አይወዱም። ባለቤቴ ለዚህ ቴርሞሜትር ገዝታለች። ልጄ ሕፃን ሳለች የገላ ውሃዋን በክርናችን ነበር የምንለካው፤ በጀት የሚመደበው እንግዲህ ለማን እንደሆነ ፍረዱ።

አንድ ነገር ግን በነጻ አግኝተናል። የማንቆርቆሪያችን ወለል ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ባለቤቴን ለዓመታት ሲያናድዳት ኖሯል፤ በሎሚ ትፍቀዋለች፣ በኮምጣጤ ታፈላዋለች፣ ይመለሳል። ማዕድን ነው፤ ውሃው ከባድ መሆኑን ይመሰክራል፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ላይ ብዙ ጊዜ ይበዛል። ጉፒ ደግሞ ከባድ ውሃ ነው የሚወደው። ሌሎች ጌጠኛ ዓሦች ለስላሳ ውሃ ካልሆነ ብለው ሲያስቸግሩ፣ ጉፒ በካልሲየም ይፋፋል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ማንቆርቆሪያውን አየት አድርጋ «እንግዲያ እኛ ሻይ ስናፈላ የምንተወውን እነሱ ይበላሉ» አለች። ከሞላ ጎደል ትክክል ነው።

ስለ ማጣሪያው ስፖንጅ ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ብቻ፦ የቧንቧ ውሃ ሥር አይታጠብም። ዓሣ ከሚተነፍስበትና ከኩሱ የሚወጣውን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች እዚያ ስፖንጅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ ተደላድለው እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ፤ ክሎሪን ደግሞ እነሱንም አይምርም። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ በቂ ነው። ለበዓል ዋዜማ ቤት ሲጸዳ ስፖንጁን የሚደብቀው የቤተሰብ አባል እኔ ነኝ። በየሳምንቱም ከገንዳው ሩብ ያህሉ ተቀድቶ በባልዲው ውሃ ይተካል። የሚቀዳው አይደፋም፤ ለተክል ማዳበሪያ ነውና ጓሮ ላለው ጤና አዳም ይሰጣል። ጤና አዳሙ ባለፈው ክረምት ቁመቱ አጥሩን ሊያልፍ ምንም አልቀረው።

አሁን ወደ ወንድሜ እንሂድ። ወንድሜ አርሊንግተን፣ ቨርጂንያ ነው የሚኖረው። የልጄን ጉፒዎች በቪዲዮ ያዩ ልጆቹ ካልተገዛልን ብለው አለቀሱ፤ ተገዛ። ወንድሜም ልምድ ያለው ቤተሰብ እያለ ማን ይጠየቃል ብሎ ለልጄ ደወለ።

«አጎቴ፣ ቀላል ነው። ውሃውን ሁለት ቀን ታሳድረዋለህ።»

አሳደረ። ሁለት ቀን አይደለም፣ ለጥንቃቄ ሦስት ቀን። ዓሦቹን ፌስታላቸው ሳይፈታ ገንዳው ላይ አንሳፈፈ፣ ሙቀቱ ሲስተካከል በትንሽ በትንሹ ቀላቀለ፣ ሁሉን እንደታዘዘው አደረገ። ሞቱ። እናቴ ነገሩን ሰምተው ደውለው አጽናኑት፤ «እግዜር ያጥናችሁ፣ ልጆቹስ እንዴት ሆኑ?» እያሉ። ወንድሜ መልሶ ለእኔ ደውሎ የልጄን ሙያ ጥያቄ ውስጥ ከተተው።

ጥፋቱ የልጄ አይደለም፤ ውሃው ሌላ ነው። በዋሽንግተንና በአርሊንግተን ቧንቧ ከኖቬምበር 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመጣው በተራ ክሎሪን ሳይሆን በክሎራሚን የታከመ ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ የተጋቡበት። ይህ ጋብቻ ጠንካራ ነው፤ ብታሳድረው አይፈታም፣ ብታሰነብተው አይፈታም። ተራው ክሎሪን ውሃው ውስጥ ካሉ የተፈጥሮ ነገሮች ጋር ሲገናኝ የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውሁዶች ለመቀነስ ተብሎ ነው የተመረጠው። በየጸደዩ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት መስመሩ እንዲጸዳ ወደ ተራው ክሎሪን ይመለሳሉ፤ ማለት እዚያ አገር ዓሣ የሚያረባ ሰው ወቅት መቁጠር አለበት። ኩላሊታቸው በመሣሪያ የሚታጠብላቸው ሕሙማንና ዓሣ ያላቸው ሰዎች ነገሩን እንዲያውቁት በማስታወቂያ ይነገራቸዋል። ወንድሜ ኩላሊቱ ደህና ስለሆነ ማስታወቂያውን አላነበበውም።

እንግዲህ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት የሚፈስለት ሰው ዓሣ ገደለ፤ በጀሪካን የምንኖረው እኛ ደግሞ የልጅ ልጅ እያየን ነው። ይህን ወንድሜ ፊት ላለመናገር ብዙ ታገልኩ። ተናገርኩ።

እሱም ተናዶ መፍትሔውን ሱቅ ገዛ። ለገንዳ ውሃ የሚሆን የጠብታ መድኃኒት ነው፤ ክሎራሚኑን ሰብሮ፣ ሲሰበር የሚለቀቀውን አሞኒያም ይይዛል። ለኛም በሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ላከልን። ካሜሪካ የመጣ ጠርሙስ ደግሞ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አክስቴ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ለደም ግፊትም ይሆናል?»

«የዓሣ ነው እትዬ።»

«ዓሣ ግፊት አለው?»

ጠርሙሱን ያወቁት ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነው የሠሩት። መነጽራቸውን አውርደው የጀርባውን ጽሑፍ እየፈለጉ ቆዩና ሳቁ።

«ሶድየም ታዮሰልፌት! ይሄማ ሃይፖ ነው!»

በፊልም ዘመን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ታጥቦ እንዳይጠቁር የሚጸናበት ኬሚካል ይኸው ነበር። የዚያን ጊዜ ሙሽሮች፣ የዚያን ጊዜ ወታደሮች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙ ጓደኛሞች ሁሉ በሃይፖ ተነክረው ነው አልበም የገቡት። ጋሼ ቤታቸው ሄደው የክሪስታል ብልቃጥ ይዘው መጡ፤ ታሽጎ የቀረ ነው። «ተበጥብጦ የተዘጋጀውን ፊክሰር እንዳትነኩ፤ አሲድና ሌላም ነገር አለበት። ንጹሁን ክሪስታል ብቻ» ብለው አስጠነቀቁን። ለአንድ 20 ሊትር ጀሪካን የኛ ውሃ ደግሞ የግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም የሚያስፈልገው፤ በጥፍር ጫፍ። ጋሼ ለቸኮለ ቀን ነው አሉ፤ ውሃ ሳይታሰብ ጠፍቶ፣ ባልዲው ባዶ ሆኖ፣ ማታ ላይ ድንገት ሲመጣ። ላልቸኮለማ ማሳደሩ ይሻላል። ብልቃጡ አሁን ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ልጄ በላዩ ላይ አሁንም የተሰረዘ እጅ ሥላለች፤ ባለ ቀለበቱን።

ይህ ሁሉ ተደላድሎ ሳለ ነው ባልዲው መጉደል የጀመረው።

መጀመሪያ ትነት ነው አልን። ልጄ በውስጡ በእርሳስ ምልክት አደረገች፤ ትነት በአንድ ጠዋት ሁለት ጣት አይጎድልም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአክስቴ ቡና ተለወጠ። ቡናው ያው ነው፣ ጀበናው ያው ነው፣ ጤና አዳሙ ጣል ይደረግበታል እንደ ወትሮው፤ ግን አንድ ጥፍጥና መጣበት። ጋሼ እስከ በረካ ሳይነሱ መቀመጥ ጀመሩ። ባለቤቴ «እትዬ፣ ምን ጨመሩበት?» አለች።

«ምን እጨምርበታለሁ? የቀነስኩለት ነገር ነው ያለው» አሉ አክስቴ፣ ሲኒ እየደረደሩ። «የቧንቧችሁ ውሃ ይሸተኝ ነበር። ይሄ የረጋው አይሸትም።»

ልጄ ባልዲውን አየች፣ ጀበናውን አየች። የሴትዮዋ ምላስ ደግሞ አልዋሸም፤ ክሎሪን የቡናን ጣዕም ያበላሻል፤ ይህን ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሰዎችም ያውቁታል። ማስረጃው ሁሉ ረከቦቱ ላይ ነበር። ልጄ ወረቀት አምጥታ ባልዲው ላይ ፕሮግራም ለጠፈች፤ ከቅዳሜ በቀር ለቡና በቀን አንድ ጀበና፤ ቅዳሜ ለጉፒዎቹ ብቻ። ፈረቃ መሆኑ ነው። አክስቴ እንዲነበብላቸው አደረጉ፤ ሁለቴ።

«ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቡና የለም ማለት ነው?»

«በቧንቧው ውሃ ማፍላት ይችላሉ እማማ።»

«በሚሸተው?»

«እነሱ እኮ ሌላ ውሃ ከተጨመረባቸው ይሞታሉ።»

«እኔስ?» አሉ አክስቴ፣ ጀበናቸውን ይዘው ወደ ባልዲው እየሄዱ።